የዥዋዥዌው አግዳሚ

«እኔን የገረመኝ፣ በዕረፍት ቀኑ እንጨት ተራ ምን ሊሠራ ሄደ?» አሉ ሽማግሌው ቧንቧ ሠሪ፣ የሻይ ብርጭቆአቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው። «ቤቱ እስከ ጣሪያው እንጨት የሞላ ነው። ዳቦ ጋጋሪ በዕረፍት ቀኑ ዱቄት ቤት ይውላል?»

«ሱስ ነዋ!» አለ አንዱ። ሁለት ሦስት ሰው ፈገግ አለና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ጉሮሮውን ጠረገ።

የሟች ታናሽ እህት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ባዶ ብርጭቆዎች በትሪ ይዛ በመካከላቸው አለፈች። ወንድሟ ከተቀበረ ጀምሮ ይኸው ጥያቄ ከወንበር ወደ ወንበር ሲዞር ትሰማለች። መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ፣ አይወጣ አይወርድ።

ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆዎቹን ማጠብ ስትጀምር የወንድሟ ሚስት ከኋላዋ መጣች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«አንቺስ? ላንቺም አልነገረሽም? ካንቺ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም እኮ።»

«አልነገረኝም፣ እትዬ።»

ውሸት አልነበረም። ወንድሟ በእርግጥ አልነገራትም። የገዛ እውነቷ ግን ከውሸት ይልቅ አሳፈራትና፣ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ ማጠብ ጀመረች።

ወንድሟ የሬሳ ሳጥን ይሠራ ነበር። «ደንበኞቼን አምላክ ይባርካቸው፤ ጠበበኝ ብሎ የተመለሰ የለም» ማለት ይወድ ነበር። የራሱ ልጅ አልነበረውም። ልብስ ሰፊዋን «መርፌ» ይላታል፤ ለሙያዋም ለምላሷም። ልጆቿ ዥዋዥዌ ካልተሠራልን ብለው ሲያስቸግሯት፣ ሳትጠራው ሜትሩን ይዞ ከች አለ። ጓሮውን በርምጃ ለካ፣ አፈሩን በተረከዙ ፈተነ።

«ባሕር ዛፍ ይቅርብን» አላት። «ቀጥ ብሎ ያድግና ሲደርቅ ይጣመማል፤ እንዳንዳንድ ሰው። ወይራው ደግሞ ጠንካራ ነው፣ ግን ለዚህ የሚበቃ ቀጥ ያለ ከየት ይገኛል? ጥድ ነው የሚያዋጣን፤ ቋሚውን አፈር አይበላውም። ሦስት ዓመት ያደረቅሁት አለኝ፤ ብትመቺው እንደ ደወል ይጮኻል!»

እሷ ቤት ገባች። ባሏ ጋዜጣ ያነብ ነበር። መስኮቱ መከፈቱን እያየች፣ ወንድሟ ከጓሮው ጫፍ ያለ መስሏት፣ «ልጆቼን ከሬሳ ሳጥን በተረፈ ጣውላ ላይ አላስቀምጥም። ምን አለ ቢተወው?» አለች።

ከመስኮቱ ሥር ሜትሩ ሲጠቀለል ተሰማ። ቀጥሎ የወንድሟ ፊት ብቅ አለ፤ እየሳቀ ነበር።

«መርፌ፣ ትንሽ ታገሺኝ። እንጨቱ ለካ ገና አልደረቀም።»

ሦስት ዓመት አደረቅሁት ያለው ሰው! መስማቱን ያወቀችው ያኔ ነው። አንድ ቃል በቂ ነበር። እሷ ግን «እሺ ጋሼ፣ አትቸኩል» አለችው። ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ ዛሬ፣ ነገ ስትል ከእንጨት ተራ ስልክ ተደወለ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ጋሪ ቆመ። እንጨት ነጋዴው ባርኔጣውን አውልቆ ገባና፣ ከማን ጋር መነጋገር እንዳለበት ሳይገባው ወደ ሚስቲቱ ተጠጋ።

«እመቤት፣ በለቅሶ መሐል ይዞ መምጣት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የመረጠውን እንጨት ለሌላ ሰው ልሸጠው አልቻልኩም።»

«ምን እንጨት?»

«ለልጆች ዥዋዥዌ የሚሆን፣ ሳጥን ቤቱ ያልገባ እንጨት ስጠኝ ብሎ ነው የመጣው። ‹ኧረ ሰውዬ፣ ሁሉም ከአንድ ጫካ ነው!› ስለው፣ ‹ይሁን፤ የኔ መጋዝ ያልነካው ይሁን› አለኝ። ግማሽ ቀን ሙሉ ሲያንኳኳ፣ ሲያሸት ዋለ። አንዱ አንጓ አለው፣ አንዱ ልቡ ተሰንጥቋል እያለ። በመጨረሻ ይችን አግዳሚዋን በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሞ፣ ትጎብጥ እንደሆነ ልይ ብሎ ተቀመጠባት። እግሩን እያወዛወዘ ነበር፤ እንደ ልጅ። ስቄበት ዞር አልኩ። ስመለስ...» ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ።

ሚስቲቱ ወደ ጋሪው አየች።

«ለማን ነው? እኛ ልጅ የለን።»

ቧንቧ ሠሪው ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ልብስ ሰፊዋ ቀደመቻቸው።

«ለኔ ልጆች ነው። ሳጥን ቤቱ ያልገባ ያሰኘውም የኔ አፍ ነው፣ እትዬ። ከሬሳ ሳጥን በተረፈ እንጨት ላይ አላስቀምጣቸውም አልኩ። ሰማኝ። መስማቱንም አውቅ ነበር።»



«ያን ቀን ራት አልበላም» አለች ሚስቲቱ። «ጥርሴን ነው አለኝ። የጨው ውሃ ሳሞቅለት አመሸሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ደረቀ። «ውሰጂው እንግዲያ። የናንተ ነው።»

እንጨት ነጋዴው ቋሚዎቹን አንድ በአንድ አውርዶ ከአጥሩ ጋር አስደገፈ። አግዳሚው ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ማንንም ሳትጠብቅ ሄዳ አንዱን ጫፍ አቀፈችና ጎተተች። ከጋሪው ተንሸራቶ ሲወርድ ክብደቱ ጉልበቷን አጠፈው፤ ሌላው ጫፍ መሬት ሊመታ ሲል ቆመ።

ሚስቲቱ ይዛዋለች። ወደ እሷ አላየችም።

«በዚህ በኩል» አለች። «ጓዳ ይግባ፤ ዝናብ እንዳይመታው።»

ሁለቱ ሴቶች አግዳሚውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በወንበሮቹ መሐል ቀስ ብለው ተራመዱ። መንገድ ለመስጠት እግሩን የሰበሰበ ነበር፣ ወንበሩን የሳበ ነበር። ቧንቧ ሠሪው ግን ብርጭቆአቸውን መሬት አስቀምጠው፣ ሬሳ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ።