አሸዋ ላይ ሁሉም ያነክሳል

ታዲያ አሸዋ ላይ ማን ቀጥ ብሎ ይሮጣል፣ ግመል እንኳ ይወላገዳል፣ ለዚህ ነው ትርንጎ አስፋልቱን ትታ ልጅቱን፣ ሩትን፣ ወደ ሆርማት ወንዝ የምታወርዳት፣ ነይ የኔ ዓለም፣ በጋ ነው፣ ውሃ የለውም፣ አሸዋው ለእግር ይለሰልሳል፣ ትላታለች፣ ሆዷ ግን በሳቅ ሊፈርስ ነው፣ እስቲ አሁን ነርሷ ትያዘኝ፣ እስቲ አነከስሽ ትበለኝ።

ግራ እግሯ ነው። አውራ ጣቷ ሥሩ ላይ፣ አጥንት ካጥንት የሚፋጭበት። ዛሬም አብጧል፣ እንዳይታይ ካልሲ ደርባበታለች፣ ይቺ ጣት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አለቃ የሆነችው፣ ዕድሜ ልኳን ስትረገጥ ኖራ ዛሬ እኔ ካልፈቀድኩ ትላለች፣ ዝም በይ አንቺ ጉድ፣ ቁርጥማት ነው ስትላት ሩት ደግሞ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው አክስቴ ትላለች፣ ስሙ ሲያምር ሕመሙ የሚቀንስ ይመስል! ሩት የወንድሟ ልጅ ናት፣ ትርንጎ ራሷ ያሳደገቻት ነርስ፣ ጫማውን የገዛችላትም እሷ፣ ደም ግፊትሽን ያወርደዋል ብላ ሩጫ ያስጀመረቻትም እሷ፣ ያቺው ራሷ ትናንት በር ላይ ተገትራ፣ እግርሽ ባበጠ ቀን አትሩጪ ብል አልሰማ አልሽ፣ ነገ አብሬሽ እሮጣለሁ፣ አንዴ ስታነክሺ ካየሁ ጫማውን ለሰው እሰጠዋለሁ፣ አለቀ፣ አለች።

ጫማውን! ከጫማው በፊት ምን ነበረች፣ ማማ ላይ ወጥታ ከማሽላ ወፍ የምታባርር ጩኸት፣ አሁን የቆቦ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቃታል፣ እትዬ ትርንጎ፣ ጅብ ነው ባልሽ የሚያባርርሽ፣ ይላሉ፣ ባሌማ መቼ ይደርስብኛል ትላለች፣ መንገዱ በሳቅ ይሞላል። ለውሃ አይደለም የምትሮጠው፣ ለእንጨት አይደለም፣ ለቅሶ ለመድረስ አይደለም፣ እንዲያው ደስ ስላላት። ሩት ይኼን ነው የምትወስድባት። ሞታ ትገኛለች።

አሸዋው ይሰምጣል፣ ጣቷ ይታጠፋል፣ ዋይ፣ የጋለ ምስማር፣ ሩት አጠገቧ ናት፣ እንደ ሰንበሌጥ የቀጠነች፣ ዓይኗን ወደ ታች ትጥላለች፣ ወደ ግራ እግር፣ ልታይ ነው፣ አየች፣ በል አፌ ድረስልኝ፣ እኔ ምልሽ፣ እንዳለውን ዋጃ አየሁት።

ዓይኗ ከእግሩ ይነሳል። ወዲያው! እንዴት ያለ መድኃኒት ነው እባካችሁ፣ እንዳለው ማለት ሽማግሌ ልኮ ሩትን የጠየቀ፣ ሰርጉ ሲቃረብ ሌላ ያገባ፣ የት አየሽው አክስቴ፣ ገበያ ነዋ፣ ከሚስቱ ጋር፣ ቀይ፣ ሞላ ያለች፣ ሆዷ እስከዚህ፣ መውለጃዋ ደርሷል። ውሸት ነው፣ ዋጃን ከረገጠች ቆይታለች፣ ግን ውሸቱ ወንዙ መሃል እስካለው ጥቁር ድንጋይ ድረስ ያደርሳታል፣ ሳትታይ፣ እያነከሰች፣ እያበራች።

ከድንጋዩ ወዲያ የሩት ዓይን ደግሞ ወደ እግሩ ይመለሳል። አይ ይቺ ልጅ። ጨምሪላት እንግዲህ፣ ለሰርግሽ የወቀጥኩት ጌሾ እስካሁን በጆንያ ነው፣ ሻግቶ ሊቀር፣ ለጎረቤት ልስጠው ይሆን እንዴ? የሩት ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ላብ ነው እንባ፣ እንባ ነው፣ ተመስገን፣ በእንባ መሃል የሰው እግር ማን ያያል፣ ምስኪን፣ አፍንጫዋ ሲቀላ ደግሞ ልክ እንደ አባቷ፣ ኪ ኪ፣ ዋይ ጣቴ፣ ዋይ፣ ሊበጠስ ነው፣ አሁን እግሯ ራሱ ይጎተታል፣ አሸዋም አይደብቀው፣ አንድ ነገር ቀርቷታል፣ ያንን ግን አትበይ ትርንጎ፣ ያንን ጉያሽ ውስጥ ተሸጉጣ የነገረችሽን፣ ላንቺ ብቻ፣ አትበይው፣ ሩት ጎንበስ ትላለች፣ ወደ እግር፣

እሱስ ምን ያድርግ፣ ከአንቺ ጋር መኖር ሐኪም ቤት መተኛት ነው አላለሽም፣ ሰውን በሽታ ፍለጋ ነው የምታይው አላለሽም፣ እውነቱን ነው!

ሩት ትቆማለች። ትርንጎም ትቆማለች፣ ደስ እያላት፣ በአንድ እግሯ። ማዶ ሲኖትራክ ላይ አሸዋ የሚጭኑት ሰዎች አካፋቸውን ይዘው ያያሉ። ሩት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ አታለቅስም፣ ድምጿ በሽተኛ የምታናግርበት ድምፅ ነው፣ ከበራችን ስንወጣ ጀምሮ እያነከስሽ ነው አክስቴ። ካልሲ መደረብሽንም አይቻለሁ። ደስታሽን አይቼ ዝም ልልሽ ነበር። ጫማው ያንቺ ይሁን፣ ሩጪበት።

ትሄዳለች። ሮጣ፣ ቀጥ ብላ፣ አሸዋው ላይ፣ እንዴት ነው አሸዋው እሷን የማያስነክሳት?

አሸነፍኳት፣ ይኸው ጫማው እግሬ ላይ ነው፣ እልል በይ እንጂ፣ አስፋልቱ ሩቅ ነው፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ሩቴ ብላ ብትጣራ፣ ደግፊኝ ብትላት፣ ኧረ ወዲያ፣ አትጣራም፣ ጥርሷን ነክሳ ግራ እግሯን ታነሳለች፣ ትረግጣለች፣ ምስማሩ እስከ ጉልበቷ ይዘልቃል፣ ትሮጣለች፣ ልጅቱ ዞር ብትል ስታነክስ እንዳታያት፣ ቀጥ በይ ትርንጎ፣ ሩት ሲኖትራኩ ጋ ስትደርስ ትዞራለች፣ መኪናውን አለፈችው፣ ዳገቷ ላይ ትዞራለች፣ አክስቷ አይደለሁ፣ አሁን ትዞራለች፣ ዳገቷንም ወጣችው፣ ነጠላዋ ብቻ ይታያል፣ አሁን ነው፣ አሁን፣ ቀጥ በይ፣ ቀጥ