የኋላ ቀኝ ጎማ

የቪሊኬሳ ሚኒባስ ለስድስተኛ ጊዜ ጋራዡ በር ላይ ሲቆም ዳያ ራም ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። በድምፁ ያውቀዋል። በዚህ አምስት ሳምንት ከገዛ ሚስቱ ድምፅ ይልቅ የሰማው የዚያን አሮጌ ሞተር ማጓራት ነው። በደሴቲቱ ታቩዋ ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት መኪና ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው፣ ጥፍር የምታክል ቢጫ መብራት ልቡን ታውልቀው? አወለቀችው እንጂ!

መብራቷ የኤቢኤስ ናት፤ ፍሬን በድንገት ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው ነገር ሲታመም ትበራለች። ጋራዡ ውስጥ ጥፍት ትላለች። ቪሊኬሳ በክፍያ ፈንታ ያመጣውን ፓፓያ አስረክቦ፣ አመስግኖ ይሄዳል። አስፋልት ይዞ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ሲነዳ ደግሞ ቦግ። መመርመሪያው ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ የኋላ ቀኝ። ዳያ ሴንሰሩን ቀየረ። ሽቦውን ቀየረ። ኩሽኔታውን ሳይቀር ቀየረ። እሷ ግን ወይ ፍንክች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ተዋት፣ ፍሬኑ እንደሆነ ይይዛል» ብሎ በሸኘው ነበር። ነገ ግን ዓመታዊ ምርመራው ነው፤ መብራቷ በርታ ከተገኘች ሚኒባሱ ከመንገድ ይወጣል። ሚኒባሱ ከቆመ ደግሞ የቪሊኬሳ ሚስት ኡናይሲ በሳምንት ሦስት ቀን ላውቶካ ከተማ ድረስ ለኩላሊት እጥበት የምትሄድበት የላትም። በአውቶቡስ ሞክራው ሁለቴ ራሷን ስታ ወድቃለች። ዛሬም ከእጥበት እየተመለሰች ነው፤ ፊቷ አመድ መስሎ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዳያ ሰላም ሲላት ፈገግ ለማለት ሞከረች። አንጀቱን በላችው።

«ንዳ» አለው ቪሊኬሳን፣ መመርመሪያውን ይዞ ከጎኑ እየገባ። «ዛሬ ቆሞ መመርመር የለም።»

በሸንኮራው እርሻ መሃል ወጡ። መመርመሪያው የአራቱንም ጎማ ፍጥነት ለየብቻ ያሳያል። ሦስቱ ስልሳ ሲሉ የኋላ ቀኙ ሃምሳ ስድስት ይላል። ዳያ ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ እንደገና አየ። የተበላሸ ሴንሰር ይዘላል፣ ይጠፋል፣ ዜሮ ይገባል። ይኼ ግን ንቅንቅ የማይል ሃምሳ ስድስት ነው። ትንሽ ቆይታ መብራቷ በራች። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው፤ ሴንሰሩ አልዋሸም፣ ጎማው በእርግጥም ከሌሎቹ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው።

ዳር አስይዞ አስቆመውና ወረደ። ከኪሱ ሲባጎ አውጥቶ የአራቱን ጎማ ዙሪያ ለካ። የኋላ ቀኙ ከሌሎቹ በግማሽ ስንዝር ይበልጣል፤ ትልቅ ስለሆነ ለዚያው መንገድ ያነሰ ዙር ይበቃዋል። ዳያ በራሱ አፈረ። ያንን ጎማ በገዛ እጁ አምስት ጊዜ ፈትቶ ግድግዳ አስደግፎታል፤ ሁልጊዜ የሚያየው ከኋላው ያለውን እንጂ ጎማውን አልነበረም።

«ይኼ ጎማ ከየት መጣ?»

«አልገዛሁትም» አለ ቪሊኬሳ።

«ገዛህ ማን አለህ? ከየት መጣ ነው ያልኩህ።»

«ተሰጠኝ።»

የዳያ ደም ፈላ። «አንተ ሰው፣ መብራቷ ከመምጣቷ በፊት ምን ቀየርክ እያልኩ ስለምንህ አይደል እንዴ የከረምኩት?»

«ምንም አልቀየርኩም። ስጦታ መቀበል መቀየር ነው እንዴ?»

ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ነገረው። ኡናይሲን ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሲያገባት ልጅ ለመጠየቅ በወጉ የሚቀርበውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ አባቷ ደጅ አልሄደም፤ ይዟት ጠፋ። ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ አንድ ምንጣፍ ላይ አብረውት ተቀምጠው አያውቁም። ልጃቸው ስትታመም ግን ይህን ጎማ በትከሻቸው ተሸክመው ከአስፋልቱ እስከ መንደሩ በእግራቸው መጡ። ፊቱ አስቀምጠው በወጉ ተናገሩ፣ ያቆና የሚባለው የሥር መጠጥ ተበጥብጦ አብረው ጠጡ። ቪሊኬሳ እዚያው ዓይናቸው እያየ ገጠመው። አሁን እሑድ እሑድ ወደ ጸሎት ሲያልፉ ጎማውን መታ መታ አድርገው ነው የሚሄዱት። እና ይህን ማውለቅ እርቁን ፊታቸው ላይ መወርወር አይደለም?

ዳያ መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ሊስቅም ሊቆጣም አቅም አልነበረውም። ወገኑ ከነቪሊኬሳ ባይሆንም ያደገው እዚሁ ዳርቻ ነውና ነገሩ እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል። ልኩ ከሦስቱ እኩል የሆነው ስኮርታ ቢገጠም መብራቷ እንደማትበራ ነገረው፤ አውልቀው ብሎ ግን አፉን ሞልቶ መናገር አቃተው። ቪሊኬሳም ነገ ተቆጣጣሪውን እለምነዋለሁ አለ። እንደማይሆን ሁለቱም ያውቁታል።

«ቪሊ» አለች ኡናይሲ በመስኮቱ። «አባዬ ያንን ጎማ ለማን ነው ያመጣው?»

«ለእኛ ነዋ።»

«ለእኔ ነው። እንዳልሞትበት ብሎ ነው። አውልቀው፤ እሱን እኔ እነግረዋለሁ።»

ዳያ ክሪኩን ሊያመጣ ሲነሳ ቪሊኬሳ በእጁ ከለከለው። ራሱ ጎማው ፊት በርከክ ብሎ፣ ታላቅ ሰው ፊት እንደሚደረገው መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። ከዚያ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ስኮርታውን ገጥሞ ሲጨርስ ያንን ትልቁን ጎማ ከመኪናው ሥር ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ኡናይሲ ግን ከጎኗ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገች። ጭቃውን በሸሚዙ ጠርጎ አስገባላት።

ሃያ ኪሎ ሜትር ነዱ። መብራቷ አልበራችም። ደስ አለኝ ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ ደክሟቸዋል። ዳያ ዞር ብሎ ሲያይ ኡናይሲ ጭንቅላቷን ጎማው ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ቪሊኬሳን ቀስ ብለህ ንዳ አለው።