ኢንሺራህ አስቀድማ የጻፈችው ፍርድ

ኢንሺራህ ፍርዱን የምትጽፈው ዳኛው ከመናገራቸው በፊት ነበር። አትሳቁ! እስክንድርያ ውስጥ የችሎት ዜና የሚሠራ ሁሉ እንዲሁ ነው። ችሎቱ ሊፈርድ ሲል ሁለት ዜና ይዘጋጃል፤ አንዱ ለነፃነት፣ አንዱ ለጥፋተኝነት። ዳኛው አፋቸውን እንደከፈቱ የሆነውን መልቀቅ፣ ያልሆነውን መደምሰስ ነው። በዚህ ሥራ የዘገየ ሰው ዜናውን ለድመት ይጣለው።

ኢንሺራህ ግን እያደር ሰነፈች። ሁለተኛውን መጻፍ ተወች፤ ዳኛ ሰርወት በሚሰየሙበት ችሎት ግምቷ ስቶ አያውቅማ! እሳቸው "ወረቀቱ ወደ ሙፍቲው ይላክ" ካሉ የስቅላት ገመድ ማለት ነው፤ የአገሩ የሃይማኖት ሊቅ የሙፍቲው አስተያየት እስኪመጣ የሚጠበቀው ለወጉ ያህል ነው። አዘጋጇ ባህጋት፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ዳኛው ሳይበሉ አንቺ ታገሺያለሽ!" እያለ ይስቅባታል። እሷም አብራው ትስቃለች።

መሳቅ የተወችው በክረምቱ ነው። ስለ አንድ ነፍሰ ገዳይ ስትጽፍ፣ ለማሳመር ብላ ከራሷ አንድ ነገር ጨመረች፤ ዳኛው "ደም በባሕር ውኃ አይለቅም" ብለው ገሠጹ አለች። ኋላ ልታወጣው ያሰበችው ቀልድ ነበር። በማግስቱ ዳኛ ሰርወት ወረቀታቸውን አጠፉና ከመነጽራቸው በላይ አዳራሹን እያዩ፣ "ደም በባሕር ውኃ አይለቅም" አሉ። ኢንሺራህ ክው አለች። ጽሑፉን ለማንም አላሳየችም፤ ከስልኳ አልወጣም።

አጋጣሚ ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ምን ትበል ታዲያ! ለሚቀጥለው ችሎት ሆን ብላ የሞኝ ነገር ጻፈች፤ ዳኛው ውኃ አስመጥተው፣ ጣታቸውን ነክረው፣ ሳይጠጡ መለሱት ብላ። የትኛው ዳኛ ነው በሕዝብ ፊት ብርጭቆ ውስጥ ጣቱን የሚነክር? ዳኛ ሰርወት ነከሩ። የነከሩትን ጣት የሌላ ሰው ይመስል ሲያዩት ቆዩ፤ ከዚያ ፈረዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢንሺራህ ችሎቱ ሳያልቅ አንዲት ቃል አልጽፍም አለች። ባህጋት ዜናው ዘገየ እያለ ቢጮህም ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

የዋግዲ ጉዳይ ባይመጣ ኖሮ ነገሩን በሆዷ ይዛው ትቀር ነበር። ዋግዲ የፎቃቸው ዘበኛ ልጅ ነው። ናግላ የምትባል የልብስ ሱቅ ሠራተኛ ከጣሪያ ገፍቶ ገደለ ተብሎ ተከሰሰ። እናቱ ኡም ዋግዲ የኢንሺራህን እናት በሞት አልጋ ላይ ሳለች አጥባ፣ አብልታ፣ በመጨረሻም ዓይኗን የጨፈነችላት ሴት ናት። በፍርዱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት።

"ኡስታዛ፣ ዜናሽ ከሁሉ ቀድሞ ስለሚወጣ፣ አንቺ ፍርዱን ቀድመሽ ታውቂያለሽ ይላሉ። በልጄ ላይ ምን አየሽ?"

"ምንም አላየሁም፣ እናቴ። ገና አልጻፍኩም።"

"ታዲያ ጻፊዋ! ምን ገዶሽ! ደግ ደጉን ጻፊለት!"

ምስኪኗ የአፏን ነው የተናገረችው። ኢንሺራህ ግን ጸጉሯ ቆመ። ለሌሎቹ ሁሉ ገመዱን ስትጽፍ እጇ አልተያዘም፤ ለዚህ አንድ ልጅ ደግ ብትጽፍ ማን ይጎዳል? ቤቷ ገብታ ጻፈች። "ዋግዲ በነፃ ተለቀቀ" የሚለው ላይ ጣቷ ከበዳት፤ ታግላ ጨረሰችው። ዳኛው "ጥርጣሬ ባለበት ገመድ አይዘረጋም" አሉ ብላ አከለችበት። ከዚያ ለባህጋት ላከችና፣ ፍርዱ እስኪነገር እንዳትነካው አለችው።

ጠዋት አዳራሹ ጠጠር መጣያ አልነበረውም። ችሎቱ ገና ሳይሰየም ባህጋት ደወለ።

"ጉድ ሆንን! እጄ ስቶ ለቅቄዋለሁ!"

"አውርደዋ!"

"ምኑን ላውርደው፣ አገሩ ሁሉ ተቀባብሎታል! አሁን ሰውዬው ሌላ ቢፈርዱ እኔንም አንቺንም ዘብጥያ ያወርዱናል!"

ዞር ብላ ብታይ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ኡም ዋግዲ ሰው አንብቦላት ኖሮ በእጇ አፏን ይዛለች። ዋግዲ የተከሳሾች ብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ፣ ሰው ለምን ዝም እንዳለ ሳይገባው ይቁለጨለጫል። ኢንሺራህ ፈራች፤ ካልተሳካ ልጁ ይሰቀላል፣ ከተሳካ ደግሞ ያው የምትፈራው ነገር፣ የጻፈችው ሁሉ መፈጸሙ፣ እውነት ሊሆን ነው።

ዳኞቹ ገብተው ተቀመጡ። ዳኛ ሰርወት ወረቀት አላወጡም። "ጥርጣሬ ባለበት ገመድ አይዘረጋም" ብለው ጀመሩ፤ እሷ እንደጻፈችው ቀጠሉ፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። አዳራሹም ስልኩን እያየ በሹክሹክታ አብሯቸው ማንበብ ያዘ። አንዳንዱማ ይቀድማቸዋል። "ዋግዲ በነፃ ተለቀቀ" የሚለው ላይ ሁሉም እኩል ደረሱ። ከዚያ ዳኛው ኢንሺራህን አዩና፣ "አበቃ?" አሏት። እልልታው ድምፃቸውን ዋጠው፤ ከእሷ በቀር የሰማ የለም።

ኡም ዋግዲ ልጇን አንገቱን አንቃ እየሳመች ይዛው ወጣች፤ ሰዉም ተከተላቸው። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርተው መጥተው ከኢንሺራህ አጠገብ ተቀመጡ። የሟቿ የናግላ አባት ናቸው፤ ሰዉ ዓም ሸሃታ የሚላቸው መረብ ጠጋኝ።

"ጠዋት ነው ያነበቡልኝ፣ ልጄ" አሉ። "የመጣሁት ምናልባት ዳኛው ሌላ ይሉ እንደሁ ብዬ ነበር።"

"አላህ ያጽናዎት፣ አባቴ።"

"እሱ ነው የገደላት?"

ኢንሺራህ ይህን ያህል ዘመን ስለ ፍትሕ ስትጽፍና ዳኛ ስትተች ኖራ፣ ትናንት ያንን ዜና ስትጽፍ ይህችን አንዲት ጥያቄ ራሷን አልጠየቀችም። ኀፍረት አንገቷን አስደፋት።

"አላውቅም" አለች።

"ሳታውቂ ነው የፈታሽው?" አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። "ይሁን። እሱ ካልሆነ እንግዲህ ሌላ ሰው ነው። ያንንም ጻፊልኝ።"

"አባቴ፣ እኔ እኮ ጋዜጠኛ..."

"ስሙን ብቻ። ቀሪውን እሳቸው ይጨርሱታል።"

በአገጫቸው ወደ ፊት አመለከቷት። ኢንሺራህ ቀና አለች። ፖሊሱም ጸሐፊውም ሁለቱ ዳኞችም ወጥተዋል። ዳኛ ሰርወት ግን ከወንበራቸው አልተነሡም፤ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እሷን እያዩ ይጠብቃሉ።

አልችልም ልትል አፏን ስትከፍት ጣቷ ስልኩ ላይ ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ጎንበስ ብላ አየች። የአንድ ሰው ስም እስከ ግማሹ ተጽፏል፤ ሰምታው የማታውቀው፣ የት ሰፈር እንደሚኖር፣ ልጆች ይኑሩት አይኑሩት የማታውቀው ሰው። ጣቷን ልታነሣው ታገለች፤ አልተነሣም። ከፊቷ ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው ስሙን ፊደል በፊደል መጥራት ጀመሩ።