የብርቱካን ቅጠል

«የሟቹ ድምፅ ያሳዝናል እንጂ፣ ጠጪ መቼ ይበረክታል?» አለች አንዷ፣ የጎደሬውን ልጣጭ እየጣለች።

«ቀስ በይ፣ ወንድሙ ይሰማሻል!» አለች ሌላዋ።

ሞሴሴ ሰምቷል። ለለቀስተኛ የሚጠበሰውን አሳማ የሚጠብቅ መስሎ ከጉድጓድ ምድጃው አጠገብ ቆሟል። ሐዘን ከተቀመጡ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። ወገቡ ላይ የታሰረው የሐዘን ምንጣፍ ይከብዳል፤ የባሰው ክብደት ግን ሆዱ ውስጥ ነው። ሟቹ ታናሽ ወንድሙ ኪቲዮኔ በዕድሜው አንድ ጉንጭ መጠጥ አልቀመሰም። ጠጪው እሱ ነው፣ ሰባኪው ሞሴሴ።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ጠዋት ኪቲዮኔ ሞሴሴን ከቦዬ ጎተራው ጀርባ የመጠጥ ጀሪካን እንዳቀፈ አገኘው።

«ጋሼ! ደወሉ እኮ ተደወለ!»

«አቃተኝ ኪቲ። ትናንት ተንበርክኬ ማልኩ፤ ዛሬ እግሬ ራሱ ጎትቶ አመጣኝ።»

ኪቲዮኔ አልተቆጣም። ከብርቱካኑ ዛፍ ቅጠል ቀነጠሰ። «በል ይችን አኝካት፤ ሽታውን ታጠፋልሃለች። ጀሪካኑን እኔ ባሕር እደፋዋለሁ።»

ኪቲዮኔ ጀሪካኑን ይዞ ሲሄድ መንገድ ላይ ከቄሱ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ።

«የማን ነው?» አሉት።

«የኔ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመዘምራን ታገደ። በቫቫኡ ደሴት እንደ እሱ ያለ ወፍራም ድምፅ አልነበረም፤ መዝሙር ለእሱ እንጀራው ነበር። ዓመት ሙሉ መጨረሻው ወንበር ላይ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ፤ እግሩ ብቻ ዜማውን ይመታል። ሞሴሴ ያንን እግር እያየ ስለ ንስሐ ሰበከ፤ ያውም አሳምሮ። «በሚቀጥለው እሑድ እውነቱን እናገራለሁ» ይላል፤ የሚቀጥለው እሑድ ይመጣል፤ ይሄዳል። ኪቲዮኔ ዓሣ ሲያጠምድ ልቡ ቀጥ አለች። የታገደ ነውና መዘምራኑም ነጭ ልብሳቸውን ሳይለብሱ ቀበሩት።

ነገ ጠዋት የሐዘኑ ማብቂያ ነው፤ የሟች ዘመዶች ፀጉር ይቆረጣል፤ ሞሴሴም ስለ ሟች የመጨረሻውን ቃል ይናገራል። ከዚያ በኋላ የሟች ነገር አይነሣም። ዛሬ ካልጸለየ ነገ እውነቱን የሚናገርበት አንደበት አይኖረውም። ስለዚህ ወደ ጎተራው ሄደ። ሊጸልይ ገባ፤ ጠጥቶ ወጣ።

በማግስቱ አክስታቸው ሳኔ ከሁሉም ከፍ ብለው መቀስ ይዘው ተቀመጡ። በአባት እህት ላይ ቃል የሚመልስ የለም። የሞሴሴን ፀጉር ቆረጡና የተጣጠፈ ጥቁር ኮት ጭኑ ላይ አኖሩለት።

«የወንድምህ የቤተ ክርስቲያን ኮት ነው። ልበሰው።»

«አክስቴ፣ ይቅርብኝ። ለኔ አይገባም።»

«የሚገባውን የማውቅ እኔ ነኝ። በል ልበስና ተናገር።»

ለበሰና ቆመ። ዛሬም ማለዳ ቀምሷል፤ ድፍረት ይሰጠኛል ብሎ ነበር። ቄሱ ከፊት ረድፍ ሆነው ያዩታል።

«ወንድሜ ኪቲዮኔ...» አለ። «ያ ጀሪካን...»

እጁን የኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። አንድ ነገር ጣቱ ሥር ተንኮሻኮሸ።

የብርቱካን ቅጠሎች ነበሩ። ገሚሶቹ ደርቀው ዱቄት ሆነዋል፤ አንዷ ግን ገና አልተፈረፈረችም፣ ትሸታለች። ኪቲዮኔ የሚዘምርበት አፍ ተነፍጎትም በየእሑዱ ቅጠል እየቀነጠሰ ይመጣ ነበር፤ ምናልባት ጋሼ ከቸገረው ብሎ።

ሞሴሴ ጮኾ አለቀሰ። ሕዝቡም አብሮት አለቀሰ። «አይዞህ፣ አይዞህ ልጄ» እያሉ ቄሱ ሊደግፉት ተነሡ። አንድ እርምጃ ቀርበዋል፤ አሁን ሽታው ይደርሳቸዋል። ይድረሳቸው፣ አለ በልቡ፤ ጌታ ሆይ፣ ይድረሳቸውና ይለቅ።

እጁ ግን ቀድሞታል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ያችን ቅጠል አፉ ውስጥ አድርጎ፣ እያለቀሰ አኘካት።