የእኩለ ቀን ጥላ

የፕላን ክፍሉ ኃላፊ ከመኪናው ሆነው «ጥላውን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። እኔም ከቢሯቸው በር ኋላ የተሰቀለውን ጥቁር ጃንጥላ ይዤላቸው ወጣሁ።

ሰማዩ ላይ የደመና ዘር አልነበረም። እሳቸው መጀመሪያ ጃንጥላውን፣ ቀጥሎ ሰማዩን፣ በመጨረሻ እኔን አዩ። የፈለጉት ሳምንቱን ሙሉ ስሠራው የከረምኩትን የጥላ ንድፍ ነበር፤ በታሰቡት ሦስት ቦታዎች አዲስ ፎቅ ቢቆም ጥላው የት እንደሚያርፍ የሚያሳየውን ሥዕል ማለት ነው። ንድፉን ላመጣ ወደ ኋላ ስሮጥ መኪናው ውስጥ የተቀመጠው የመሬት ቀያሻችን ሳቅ እስከ ደረጃው ተከተለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቢሮ ውስጥ «ጥላ ያዥ» ተባልኩ። ብዙም አልከፋኝም። ሥራ ከጀመርኩ ጥቂት ወር ቢሆነኝ ነው፤ እስከዚያ ድረስ አብዛኞቹ እኔን የሚጠሩት «እሷ» እያሉ ነበር።

ኃላፊውም ከቅጽል ስም አላመለጡም። ከኋላቸው «ጋሼ ማስመሪያ» ይባላሉ። ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ ጠማማ መስመርና ጠማማ ወሬ አይወዱም።

የወጣነው ለመኖሪያ ፎቆች ቦታ ለመምረጥ ነበር። በጠባብ ክፍል ተደራርቦ የሚኖረው ሰው በዝቷል፤ ከተማዋ ደግሞ ወደ ጎን መስፋት አቅቷታል። የመጀመሪያው ቦታ የድሮ ጡብ ፋብሪካ ግቢ ነው፤ ውሃም አውቶቡስም አይደርስበትም። ሁለተኛው ለዓይን ያማረ ሜዳ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን ኩሬ ይሆናል። ሦስተኛው ሥራ ያቆመ የአውቶቡስ ጋራዥ ነበር። ውሃው፣ ፍሳሹ፣ መንገዱ ሁሉ ደጁ ላይ ነው፤ ከቤቱ የሚነሳ ሰውም የለም። ጋሼ ዙሪያውን አንዴ ተራምደው ሲመለሱ «እንግዲህ ይሄ ነው» አሉ።

ከሁላችንም ይበልጥ ደስ ያለው ቀያሹን ነበር። እሱና ሚስቱ ከአማቱ ጋር አንዲት ክፍል በመጋረጃ ከፍለው ይኖራሉ፤ ለቤት ከተመዘገበም ቆይቷል። አማቱ ባስነጠሱ ቁጥር ይማርዎ የሚላቸው ከመጋረጃው ማዶ ሆኖ መሆኑን እያወራ፣ ያን ዕለት ችካሎቹን ሲተክል መዶሻው እንኳ የቀለለው ይመስል ነበር።

እኔ ግን ያልተናገርኩት ነገር ነበረኝ። ከጋራዡ ግንብ በስተምሥራቅ ስድስት ቤቶች ተደርድረዋል፤ አንዱ የአክስቴ ነው። እኔም እዚያው ነው የምኖረው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያሳደገችኝም ያስተማረችኝም በስፌት ነው። የስፌት መኪናዋ በጋራዡ በኩል ካለው መስኮት ሥር ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ግንቡን ተሻግራ ስትገባ ጥቁር ጥቁሩን ጨርቅና ጥቃቅኑን ስፌት ታወጣለች። ዓይኗ እየደከመ ስለሆነ በአምፖል ብርሃን ጥቁር ክር ከጥቁር ጨርቅ አትለይም።

በቢሯችን ደንብ ጥላ የሚሠራው ለእኩለ ቀን ብቻ ነው። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን፣ የትልቁም ፎቅ ጥላ እንደ ጨዋ ልጅ እግሩ ሥር ይሰበሰባል። የእኔ ንድፍ ማንንም አልነካም ነበር። ሆኖም ያ ብርሃን ስንት ሰዓት ላይ ወደ ቤት እንደሚገባ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ለምሳ በወጣበት ጥላውን ለዘጠኝ ሰዓት ብዬ እንደገና ሠራሁት። ስድስቱም ቤቶች ጠቆሩ።

ማታ እራት ላይ ለአክስቴ ነገርኳት። በጋራዡ ቦታ ፎቅ ሊቆም መሆኑን፣ ጥላውም እኛ ላይ እንደሚያርፍ።

«ተመስገን» አለች። «ይሄ ቆርቆሮ ጠብሶ ሊጨርሰን አይደል? ጥላ ከለላ አገኘን በይኛ።»

ላርማት አፌን ከፈትኩ፤ ጉርሻዬን አስገብቼ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አላስችል አለኝ። የቤታችንን ጃንጥላ ይዤ ወጣሁና መስኮቷ ፊት ዘርግቼ ቆምኩ። የመኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ማነው ብርሃኔ ላይ የቆመው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምነው፣ ዘነበ እንዴ?»

«አልዘነበም። የነገርኩሽ ጥላ ይሄ ነው። ፎቁ ሲቆም ከሰዓት በኋላ ሁሌም እንዲህ ነው የሚሆነው።»

መርፌው ሥር ያለውን የጥቁር ኮት ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው። ጃንጥላውን አጠፍኩና ገባሁ።

ቤት አይሠራ ማለት እንደማትችል ነገረችኝ። የሚገቡትም እንደኛው ሰው ናቸው፤ ደግሞም ሱሪ የማያሳጥር ሰው የለምና ገበያዋ ይሆናሉ። ካላየች ግን በምን ልትሰፋ ነው? ይህን ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ለአለቃሽ ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«ለእኔ ለመንገር ጃንጥላ ካስፈለገሽ፣ ለእሳቸው ድንኳን ልትተክዪ ነው?»

እሑድን በሥራ ዋልኩ። ፎቁን ከግንቡ አርቄ በስተምዕራብ ካለው ሰፊ መንገድ አጠገብ አቆምኩት፤ የመኪና ማቆሚያውንና የልጆች መጫወቻውን ወደ ቤቶቹ በኩል አመጣሁ። ሕንፃው ጠበበ፤ እንዲካካስ አንድ ፎቅ ጨመርኩበት። ጥላው ረዘመ፣ ነገር ግን ከሩቅ ስለሚነሳ መስኮቷ ጋ የሚደርሰው እሷ የዕለቱን ሥራ ስትጨርስ ነው።

ሰኞ ሁለቱንም ንድፎች ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ቀያሹም ነበር። ጋሼ ከእኩለ ቀን ውጭ ጥላ የመሥራት ልማድ እንደሌለን አስታወሱኝ፤ ማን እንዳዘዘኝም ጠየቁኝ።

«ማንም አላዘዘኝም» አልኩ። «ከግንቡ ጀርባ ካሉት ቤቶች አንዱ የአክስቴ ነው። እኔም እዚያው ነው የምኖረው። ልብስ ሰፊ ናት። እኩለ ቀን ላይ ምንም አትሆንም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሥራዋ ይቆማል።»

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስለተናገርኩት ጆሮዬ ጋለ።

«ቦታውን ስንመርጥ ነበር ይሄን መናገር» አሉ።

«ልክ ነው ጋሼ።»

«ለዘመዷ አደላች ቢሉሽስ?»

«ለእሷ ብዬ ነው የጀመርኩት። የጨረስኩት ግን ለስድስቱም ቤት ነው። የሚጠራጠር ሰው ንድፉን ይይ።»

ቀያሹ ሲያዳምጥ ፊቱ ጠቁሯል። የቸገረው ሌላ ነው፤ ከቤቶቹ ይቀነስ እንደሆነ ጠየቀኝ። አንድም እንደማይቀነስ፣ አንድ ፎቅ ብቻ እንደሚጨመር ነገርኩት።

«ሊፍት አለው?»

«የለውም።»

ትንሽ አሰበ። «አማቴ ደረጃ አይወዱም» አለና ፊቱ ፈካ። «እኔን ከላይኛው መዝግቡኝ።»

ጋሼ ማስመሪያቸውን አንስተው ጥላዬን ከዳር እስከ ዳር ለኩት። አላመኑኝም ብዬ ነበር፤ ሁለተኛ ለክተው ማስመሪያውን አስቀመጡ። የጠዋቱ ጥላ አስፋልት ላይ ስለሚወድቅ ማንንም እንደማይጎዳ እኔ ሳልላቸው ራሳቸው ተናገሩ።

«ነገ ከሰዓት በኋላ እዚያው ሄደን እናየዋለን። ጥላውን ይዘሽ ነይ።»

በሩ ጋ ስደርስ የተሰቀለውን ጃንጥላ አይቼ ዞርኩ። «የቱን?»

«ሁለቱንም» አሉ ቀና ሳይሉ።

በማግስቱ በዘጠኝ ሰዓት ጋራዡ ግቢ ውስጥ ነበርን። ጋሼ በጃንጥላቸው ሥር ቆመው አዲሱን ንድፍ ከመሬቱ ጋር አስተያዩ፤ ከዚያም ፈረሙ። ቀያሹ ችካሎቹን ነቅሎ ወደ መንገዱ አስጠግቶ ተከላቸው፤ የሜትሩን ጫፍ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ።