ገጽ ሠላሳ ሰባት ላይ የቀረ ክፍት ቦታ

4.

ከአራት የምጀምረው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ውድነሽ ስለሰረዘቻቸው ነው። ውድነሽ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ እየተረጎመች ገጽ ሠላሳ ሰባት ላይ ተገትራለች። ያስቆማት ቃል «ዴክላሴ» ይባላል። እንግሊዞች ከፈረንሳዮች ወስደው የራሳቸው ያደረጉት ነው፤ ከነበረበት ማዕረግ ለወረደ ሰው ይሉታል።

የሰረዘቻቸው እነዚህ ናቸው፦

1. የተዋረደ
2. የወደቀ
3. ከሰው ተራ የወጣ

ሦስቱንም እንደ ኮት አባቷ ላይ ለክታ ነው የሰረዘችው።

5.

አባቷ አቶ ይመኑ ጓንጉል ዐሥራ አንድ ዓመት ዳኛ ነበሩ። ወደ ችሎት ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ ይል ነበር። አንድ ቀን ፈርሙ የተባሉትን ውሳኔ አልፈርምም አሉ፤ በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤ መጣ። አሁን እዚያው ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ በተቀደደ ጃንጥላ* ተጠልለው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ። መዝገባቸውን ይሸከሙላቸው የነበሩ ሰዎች ሲያልፉ ስልካቸውን ያያሉ።

ተራኪ አዝኛለሁ ማለት የለበትም ይባላል።

አዝኛለሁ።

* ጃንጥላውን አደራ፣ እንዳትረሱት።

6.

(ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ)

ውድነሽ፦ አባባ፣ እሑድ የናሁሰናይ ሽማግሌዎች ይመጣሉ።

አባት፦ እሰይ፣ ይምጡ። የሚያገባሽን ልጅ እኔም ወድጄዋለሁ።

ውድነሽ፦ እስከዚያ ድረስ ቤት ቢውሉስ?

አባት፦ ለምን?

ውድነሽ፦

አባት፦ ምን ብለሻቸው ነው?

ውድነሽ፦ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው ብዬ።

አባት፦ ሻይሽን ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል።

7.

አቶ ይመኑ ቤት በዋሉባቸው ቀናት የሠሩት፦

ሱፋቸውን በብሩሽ ጠረጉ።

የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀቡ።

ጃንጥላውን ሰፉ።

ውድነሽ የተሰፋውን ጃንጥላ አየችው። ወደ አጥሩ ሥር ሊመለሱበት እንደሰፉት ገባት።

8.

ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቀው፤ የልጅቷ አባት ተቀመጡ ካላሉት አይቀመጥም። ይህን ልማድ አንባቢ ያውቀዋል። የጻፍኩት ለራሴ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ስለከበደኝ። ውድነሽ ከጎረቤት ሦስት ወንበር ተውሳ ደርድራለች።

9.

(እሑድ፣ ውድነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና እንደሰማችው)

አቶ አምደወርቅ፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች ትልቁ፦ ክቡር ዳኛ፣ ከደጅዎ የቆምነው የምንለምንዎት ነገር ስላለን ነው።

አባት፦ ከመለመናችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዳኛ የነበርኩት ድሮ ነው። ጡረታም አልወጣሁ፤ ተባርሬ ነው። ዛሬ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ነገም እዚያው ነኝ። ልጄ ያልነገረቻችሁ ለእኔ ክብር ተጨንቃ ነው፣ አትቀየሟት።

አቶ አምደወርቅ፦

አባት፦ የዳኛ ልጅ ፈልጋችሁ ከሆነ የለችም፣ በሰላም ግቡ ወደ ቤታችሁ። የማመልከቻ ጸሐፊውን ልጅ ከሆነ ግን ወንበሩ ያው። ተቀመጡ።

10.

ውድነሽ አፈረች። ለዓመታት በአባቷ ስታፍር ኖራ፣ ዛሬ በራሷ አፈረች። ፍርድ ቤቱ ከወንበራቸው አንሥቷቸው ነበር፤ ከክብራቸው ልታወርዳቸው የሞከረችው ግን እሷ ናት።

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ።

አንድ።

11.

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ ከአባቷ ጎን ቆመች። የተቀመጡት ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ ትንሹ ነበሩ። ሁለቱ እንደቆሙ ናቸው።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች። «አባቴ የሚሉት እውነት ነው።»

ገጽ ሠላሳ ሰባት አሁንም እንዲህ ይላል፦

ሰውየው                                ነበር።

አቶ አምደወርቅ አባትና ልጅን ተራ በተራ አዩ። የወንበሩን መደገፊያ በእጃቸው ያዙና እንዲህ አሉ፦

12.