ካርቶን ላይ የሌለው ስም

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሠራተኛው ከጥጥ እርሻ ሲለቀቅ፣ ሚስ ቨርሊን መጠጥ ቤቷ በር ላይ ካርቶን ትሰቅላለች። «ኦዴል ፕሩዊት» የሚለው ጽሑፍ የጥጥ ጆንያ ያህላል፤ ከሥሩ ያለችውን «ወንድም» ለማንበብ መንበርከክ ያስፈልጋል። ኦዴል ቺካጎ ሄዶ ሸክላ ያስቀረጸው ነው። ወንድሙ ሊማን ግን እዚሁ ሚሲሲፒ ቀርቶ ሃያ ዓመት ብሉዝ በጊታር ተጫወተ፤ «የኦዴል ወንድም» ያለውንም ሁሉ ጥርስ አረገፈ። እኔ ሃርሞኒካ የምነፋለት ነኝ፤ ከጥርሶቹ ሁለቱ የኔ ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ሊማን ካርቶኑን ቀደደው።

«የራሴን ስም ጻፊ።»

«ያንተን ስም ጽፌ የጠበስኩትን ዓሣ ማን ይገዛኛል፣ የኔ ማር?» አለችና ያንኑ ጽሑፍ ደግማ ሰቀለች።

ሌላ ቤት ቢሄድም ካርቶኑ ያው ነው። ተቀመጠና መጫወት ጀመረ።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቴረል የሚባል ሸንኮራ ቆራጭ ገጀራውን ይዞ ገባ።

«ሚስቴን ያስኮበለልከው ኦዴል አንተ ነህ?»

«ወንድሙ ነኝ» ቢል ይተርፋል። እኔም ጠጋ ብዬ፣ «በለው እንጂ፣ አንተ ሰው! ወንድምነቱ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀምህ» አልኩት።

«ሊማን እባላለሁ» አለ።

«ካርቶኑ ላይ ሊማን የሚባል የለም።»

ገጀራው ወረደ። ሊማን ግራ እጁን አነሳ፤ ሦስት ጣቶቹ ከተጠበሰው ዓሣ ጎን ወደቁ። ትንሿ ጣቱ ግን ሲጫወት በክሮቹ ላይ የሚያንሸራትተው የጠርሙስ አንገት ውስጥ ስለነበረች ተረፈች። በዚያው በተሸረፈ ጠርሙስ የሰውየውን ቅንድብ ተረተረው፤ በቀኝ ቡጢው አፍንጫውን ሰበረው። ቴረል ሲዘረር እኔ ደረቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ሚስ ቨርሊን የሊማንን እጅ በሽርጧ አሰረችለት።

«ሐኪም እየመጣ ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ።»

«እስኪመጣ ልሞክረው።»

ጊታሩ ክሮቹ በጣት ሳይጫኑ እንዲስማሙ ሆኖ የተቃኘ ነው። ጠርሙሱን ሲያንሸራትተው እንደሚታረድ በሬ አጓራ። ደሙ በክሮቹ ላይ ወረደ።

«ይሄ ኦዴል አይደለም» አለ ቴረል ከሥሬ። «የኦዴልን ሸክላ ሰምቻለሁ። እንዲህ አይችልም።»

«እንግዲያ ማን ነኝ?»

«ሊማን ነኝ አላልክም?»

በሳምንቱ ካርቶኑ ተለወጠ፤ «ባለ ሁለት ጣቱ የኦዴል ወንድም» ይላል። ሊማን አንብቦት ሳይቀደው ገባ። ሚስ ቨርሊን ግን ለማንኛውም ጥርሷን በመዳፏ ከልላ ነበር።

ከዚያ ቴረል አፍንጫውን በፋሻ እንዳሸገ፣ ባዶ እጁን መጣ። ካርቶኑን አነበበና አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ ጠየቀ።

«ሊማን ዛሬ የለም እንዴ?»